ለላንድክሩዘር ፒካፕ ፖርቶመጋላ ስንሠራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጨረሻ

መኪናው ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው። ደብል ጋቢና፣ ሰባ ዘጠኝ የሚባለው፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ለገና በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርገን ደቡብ ኦሞ፣ ቱርሚ ልንወርድበት ነው። ከተመቸ ጥር ላይ ዳናክልም ይታሰባል። ካሶኒው ከአሁኑ ሞልቷል፦ ስኮርታ ጎማ፣ ውሃ፣ ናፍጣ፣ የምግብ ሳጥን። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ወንበሮቹና አሸዋ ላይ ጎማ ሥር የሚነጠፈው ሰሌዳ ቦታ የላቸውም። የቀረው ጣሪያው ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ያስፈልጋል።

ከውጭ የሚመጣውን የአሉሚኒየም ፖርቶመጋላ ጠይቄ ነበር። ዋጋው አይቀመስም። እዚህ ሠርተው የሚሸጡትንም ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አብዛኛው በውሃ ቧንቧ የተሠራ ነው፤ ወፍራም፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። ጥንካሬስ አለው። እኔን ያሳሰበኝ ክብደቱ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባለ አንድ ኢንች ተኩል የውሃ ቧንቧ በሜትር ወደ 3.6 ኪሎ ይመዝናል። እኔ ለማስበው መጠን 17 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ይሄ ብቻውን 60 ኪሎ ነው። ወለሉና እግሮቹ ሲጨመሩ ከ70 ያልፋል። መኪናው እየሄደ ጣሪያው ላይ እንዲያርፍ የምፈቅደው ብረቱንም ዕቃውንም ጨምሮ 120 ኪሎ ነው። ሰባውን ብረቱ ከወሰደው ለድንኳኑ ምን ተረፈው? ብረት ተሸክሞ ቱርሚ ደርሶ መመለስ ነው ትርፉ።

ስለዚህ ዕቅዱ ይሄ ሆነ፦ ፖርቶመጋላው ራሱ ከ40 ኪሎ እንዳያልፍ፣ 80 ኪሎ ዕቃ ደግሞ በኮረኮንች ላይ እንዲችል። መኪናው ቆሞ ሁለት ሰው ቢወጣበትም ማጉረምረም የለበትም፤ የቆመ ጭነትና የሚዘል ጭነት አንድ አይደሉም።

አሉሚኒየም ገዝቶ እዚህ ማሠራትስ? እሱንም አሰብኩበት። ቀላል ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም። ግን ብየዳው አርጎን የሚባል ጋዝ ይፈልጋል። የተበየደበት አካባቢ ደግሞ በሙቀቱ የተነሳ ከጥንካሬው ብዙውን ያጣል። ከሁሉ በላይ፣ ቱርሚ መንገድ ላይ ቢሰነጠቅብኝ ማን ይበይድልኛል? ተራ ብረት ከሆነ ኤሌክትሮድና ጄኔሬተር ያለው ሰው ኮንሶም ጂንካም አይጠፋም።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ

ዛሬ የመለካት ቀን ነበር።

ይሄ መኪና ከአዳዲሶቹ ፒካፖች የሚለይበት አንድ በረከት አለው። የጣሪያው ጠርዝ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ። ሰባ ሲሪስ የሚባለው ዘር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 የወጣ ነው፤ ቦዩም ከዚያ ዘመን ጀምሮ አብሮት አለ። አዲሶቹ ሃይሉክሶች ይሄ የላቸውም። ቦይ ካለ ጣሪያ መብሳት አያስፈልግም። የፖርቶመጋላው እግሮች ቦዩን ነክሰው ይይዛሉ። የተበሳ ጣሪያ ዛሬ ባያፈስ ነገ ማፍሰሱ አይቀርም፣ ከዚያ ዝገቱን ማን ይችለዋል።

ቦዩ ግን በሁሉም ቦታ እኩል ጠንካራ አይደለም። ጠንካራው ከምሰሶዎቹ አናት ላይ ያለው ነው፦ ከፊት መስታወቱ ጎን፣ ከሁለቱ በሮች መሃል፣ ከኋላ መስታወቱ ጥግ። እዚያ ላይ ያረፈ ጭነት በምሰሶው በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ስድስት እግር፣ በየጎኑ ሦስት። ቦታቸውን በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። የአልጋው፣ ማለትም ዕቃው የሚጫንበት ጠፍጣፋ ፍሬም፣ መጠን 1.70 በ1.30 ሜትር ወጣ።

ወንድሜ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ።

“ለምን እስከ ካሶኒው ጫፍ አንድ ወጥ አናደርገውም? ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛበታል እኮ።”

ሐሳቡ አይጠላም። ብዙ ሰውም ያሠራዋል። ከምከራከረው ላሳየው ብዬ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ አመጣሁ። አንዱን ጫፉን ጋቢናው ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን ከጋቢናው ጀርባ ያለው የካሶኒው ፍሬም ላይ፣ በግራ በኩል አጋደምነው። ሜዳ ላይ ሁለቱንም ነክቶ ልክ ተቀመጠ። ከዚያ መኪናውን ቀስ አድርጌ አንቀሳቅሼ የግራውን የኋላ ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አወጣሁት። ጣውላው ጋቢናውን ለቀቀ። ወንድሜ ጣቶቹን ሥሩ አስገባ። ሁለት ጣት ገባ። በቀኝ በኩል ደግሞ ካሶኒው በዚያው ልክ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋቢናውና ካሶኒው ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ የተቀመጡት ለየብቻ ነው። ጋቢናው ከሥሩ ጎሚኒ አለው። ሻንሲው ሲጠማዘዝ ሁለቱ በየፊናቸው ያዘነብላሉ። መጠማዘዙ ደግሞ ጉድለት ሆኖ አይደለም፤ ጎማዎቹ ድንጋይ ላይ መሬት እንዳይለቁ የሚረዳው እሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ብረት ካሰርካቸው ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ፖርቶመጋላው ላይ ነው። መጀመሪያ ብየዳው ይሰነጠቃል። ብየዳው ከጠነከረ ቦዩ ይጣመማል። ቦዩም ከቻለ ጣሪያው ይጎረብጣል። ወፍራም ብረት እዚህ ጋ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም እሱ እንቢ ሲል የሚሸነፈው መኪናው ነው።

“በቃ ገባኝ” አለ ወንድሜ። የጋቢናው ለብቻው ይሠራል። ካሶኒው ላይ አንድ ቀን ፍሬም ከሠራን ከፍታውን እኩል አድርገን፣ መሃላቸው ክፍተት እንተዋለን።

በማግስቱ ሳምንት፣ መርካቶ

ብረት ግዢ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዞ መሄድ ነው። አንዱ ሱቅ “ባለ 2 ሚሊ ነው” ያለኝ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ሲለካ 1.6 ወጣ። ሻጩ ሳቅ አለና “ሁሉም ይሄንን ነው የሚወስደው” አለኝ። ለአጥር በር ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላ ሱቅ ሄጄ ትክክለኛውን አገኘሁ።

ለምን 2 ሚሊ? ይቺን ስሌት ለሚሠራ ሰው ልተዋት። ኮረኮንች ላይ ዕቃ ይዘላል፤ ስለዚህ ክብደቱን በሦስት አባዝቼ ነው የማሰላው። ሁለተኛ ስኮርታ ጎማ አንድ ቀን ጣሪያ መውጣቱ አይቀርም እንበል። ከነቸርኬው 35 ኪሎ ብለን ብንይዘው በሦስት 105 ኪሎ ይሆናል። ይሄ አንድ አግዳሚ ብረት መሃል ላይ ቢያርፍ፣ 25 በ25 ባለ 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ ላይ በካሬ ሚሊሜትር ወደ 33 ኪሎ ጫና ይፈጠራል። ተራ ብረት 24 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ይጎብጥና አይመለስም። 30 በ30 ባለ 2 ሚሊ ላይ ግን ጫናው ወደ 17 ይወርዳል። ጎማው ሁለት አግዳሚ ላይ እንዲያርፍ ከተደረገ ደግሞ 9 ገደማ ነው። ብየዳ ያለበት ቦታ ለመሰንጠቅ ስለሚቀለው ይሄ ትርፍ ያስፈልገኛል። 40 በ40 ብሄድ ይበልጥ ይጠነክር ነበር፣ ግን በሜትር 600 ግራም ገደማ ይጨምርብኛል። 30 በቂ ነው።

ቤርጋው፣ ማለትም አንዱ ያልተቆረጠ ብረት፣ 6 ሜትር ነው። ሁለት ቤርጋ 30 በ30 ለዋናው አልጋ፤ ሁለት ባለ 1.70 የጎን ብረትና ስድስት ባለ 1.24 አግዳሚ ይወጣዋል፣ አንድ ሜትር ያህልም ይተርፋል። ትርፏ ለእግር ትሆናለች። ለላይኛው ከለላ አንድ ቤርጋ 20 በ20 ባለ 1.5 ሚሊ። ለወለሉ 20 በ3 የሆነ ጠፍጣፋ ብረት። ለእግሮቹ ባለ 4 ሚሊ ላሜራ ቁርጥራጭ ምናለሽ ተራ በኪሎ ገዛሁ። እዚያ ሰፈር ትዕግሥት ላለው ሰው የማይገኝ ነገር የለም።

ብሎኖቹ ላይ ግን አልቆጠብኩም። ባለ 8 ሚሊ፣ ራሳቸው ላይ የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ከነሮንዴላቸው። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ነው፤ በንዝረት አይፈታም።

የኅዳር ሚካኤል ሰሞን

በያጁ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ ሰው። ብረቱን ሲያዩ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ።

“አንተ ልጅ፣ ይሄማ ሽቦ ነው። ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ እንሥራልህና ዝሆን ይቁምበት።”

“ጋሼ፣ ዝሆን አልጭንም። ድንኳን ነው።”

“ድንኳንም ቢሆን።”

ስሌቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ “እሺ፣ ኃላፊነቱ ያንተ ነው” ብለው ግራይንደሩን አነሱ። ሥራ ከጀመሩ በኋላ ግን እጃቸው ላይ ምንም የምለው የለኝም።

ቀጭን ቱቦላሬ መበየድ ከወፍራሙ ይከብዳል። ኤሌክትሮዱ ባለ 2.5 ሚሊ፣ አምፔሩ 70 አካባቢ። ከዚያ ከፍ ካለ ብረቱ ይበሳል። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ ያዙት። ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ፣ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ፣ ለካን። 1.70 በ1.30 የሆነ አልጋ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰያፉ በሁለቱም በኩል 2 ሜትር ከ14 ሴንቲ ነው። አንደኛው በ6 ሚሊ በልጦ ተገኘ። ጋሼ ረጅሙ ሰያፍ ያለበትን ጥግ ጣውላ አስደግፈው አንድ ጊዜ በመዶሻ ሲሉት እኩል ሆነ። ስኳድራ ጥግን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሰያፉ ግን ሁሉንም ይናገራል።

ሲበይዱም አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው አልሄዱም። አንድ ጥግ ላይ ትንሽ፣ ከዚያ ተሻግረው ተቃራኒው ጥግ፣ ከዚያ መሃል። ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተከማቸ አልጋው እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠማዘዛል።

ከላሜራዎቹ አንዱ ዚንክ የተለበጠ ነበር። እሱን ሳይፍቁ መበየድ ነጭ ጭስ ያመጣል፣ ማታ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያተኩሳል። ጋሼ ወተት አስመጡ። ወተቱ መልካም ነው፣ እኔም ጠጣሁ። የዚንኩን ጭስ ግን አያስወጣውም። በግራይንደር ፍቀነው፣ በሩን ከፍተን፣ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን ነው የበየድነው።

ቀለሙን ለቅዳሜና እሁድ አሰብን። ግን ኅዳር 12 መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው፣ ማን ይከለክላል። በዚያ ጥቀርሻ ውስጥ እርጥብ ቀለም ማስጣት ግን አይሆንም። እግሮቹን ወደ መሥራት ዞርን።

እግሮቹ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ጊዜ የፈጀው ይሄ ነው። መፍጀትም ነበረበት። አልጋው ምንም ያህል ቢጠነክር መኪናውን የሚይዘው በስድስት መዳፎች ነው።

አንዱ እግር ሦስት ነገር አለው። ታች፣ የቦዩ ውስጥ የሚቀመጥ ሰፊ ጫማ አለ፤ 10 ሴንቲ ይረዝማል፣ ጭነቱን እንዲበትን። ከውጭ፣ ከቦዩ ከንፈር ሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚነክስ መንጠቆ አለ። ሁለቱን የሚያጣብቁ ሁለት ብሎኖች አሉ። ጫማው በዕቃው ክብደት ወደ ታች ይጫናል። መንጠቆው ደግሞ መኪናው ሲነጥርና ነፋስ ከሥር ሲገባ አልጋው እንዳይነሳ ይይዛል።

ብረት ከቀለም ጋር እንዳይፋተግ ከአሮጌ ካላማደሪያ ላስቲክ ቆርጠን ጫማውን አለበስነው። አንድ ድርብ ብቻ። ላስቲክ ሲወፍር ብሎኑ የጠበቀ ይመስልና ከጊዜ በኋላ ይላላል። ከጫማው ፊትና ኋላ ትንሽ ክፍተት ትተናል፣ ውሃ እንዳይታቆር።

ቀጥሎ የፍሬን ጉዳይ አለ። አስፋልት ላይ አጥብቀህ ፍሬን ስትይዝ ዕቃው በክብደቱ ሰማንያ በመቶ ገደማ ወደ ፊት ይገፋል። 120 ኪሎ ከሆነ ወደ 100 ኪሎ ግፊት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ እግር ይሄን አይወደውም፤ ወደ ፊት ይተኛል። ስለዚህ ለፊትና ለኋላ እግሮች ሰያፍ ድጋፍ አደረግንላቸው፣ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ። ጋሼ ይሄን ሲያዩ “አሁን ሥራ ሆነ” አሉ። የቀጭኑን ብረት ነገር ከዚያ በኋላ አላነሱትም።

አልጋውን በተቻለ መጠን ዝቅ አድርገነዋል። ከጣሪያው ጋር ያለው ክፍተት እጅ አስገብቶ ለማጠብ ብቻ ይበቃል። ከፍ ያለ ፖርቶመጋላ ያምራል ይባላል። ጎን ለጎን ያዘመመ መንገድ ላይ ግን እያንዳንዷ ሴንቲሜትር መኪናውን ወደ መገልበጥ ታቀርበዋለች። የግራር ቅርንጫፍም ከፍ ያለውን ይመርጣል።

ከጽዮን በኋላ፣ ቀለም

ከመቀባታችን በፊት ከእያንዳንዱ ቱቦላሬ ሥር በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ አበጀን። ቱቦላሬ ውስጥ ውሃ መግባቱ አይቀርም። መውጫ ከሌለው ከውስጥ ይበላዋል፤ አንተ ከላይ ቀለም እያደስክ እሱ ውስጥ ለውስጥ ያልቃል። ክፍት ጫፎቹን ደግሞ በላሜራ ደፈንናቸው፤ ካልተደፈኑ ነፋስ ሲገባባቸው ያፏጫሉ።

ዝገቱን በብረት ብሩሽ፣ ዘይቱን በቲነር። ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። ግራጫ መረጥኩ። ጥቁሩ ያምራል ግን አፋር ፀሐይ ላይ እጅ አያስይዝም። በምድጃ የሚጋገረውን የዱቄት ቀለም ብዙ ሰው ይመክራል። በጣም ጠንካራ ነው። ሲጫር ግን ዝገቱ ከሥሩ ተደብቆ ይሄዳል፣ ቤት ሆኖ ለማደስም አይመችም። ተራው ቀለም ሲነሳ ይታያል፣ በብሩሽ ይሸፈናል። ዳናክል ሄዶ በጨው ለሚመለስ ብረት እኔ ተራውን እመርጣለሁ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ መግጠምና መሞከር

ከመግጠማችን በፊት የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣነው። 38 ኪሎ ከግማሽ። ለ80 ኪሎ ዕቃ ቦታ አለን ማለት ነው።

ሁለት ሰው ያለ ችግር ጣሪያው ላይ አሳረፈው። ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ ተሻጋሪ እያደረግን አጠበቅን።

ለሙከራ አራት የአሸዋ ከረጢት፣ በድምሩ 80 ኪሎ፣ ጭነን ከሰበታ ወጣ ብሎ ወዳለ ኮረኮንች ሄድን። ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ መስኮት ከፍቼ ጆሮዬን ሰጥቻለሁ። በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ድረስ ጸጥ ብሏል። ከ80 በላይ አስፋልት ላይ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። የፊቱ አግዳሚ ነው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል። እሱን ያሰብንበት ስለነበር ከፊት ወደ ኋላ የተጋደመ የአሉሚኒየም ላሜራ አሠርተን ነበር፤ ቆመን በአራት ብሎን ገጠምነው። ድምፁ ጠፋ ባልልም ሬድዮ ይሰማል።

ኮረኮንቹ ላይ ሆን ብለን ጉድጓድ ጉድጓዱን ያዝን። ስንቆም በጠመኔ ያሰመርናቸው መስመሮች ከእግሮቹ ጋር እንደተገጣጠሙ ናቸው፤ አልጋው ወደ ፊትም ወደ ጎንም አልሄደም። ከብሎኖቹ ሦስቱ ግን ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ። ላስቲኩ እየረጋ ነው። አዲስ ፖርቶመጋላ የገጠመ ሰው ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ መፍቻ ይዞ ይውረድ። እኔ አርባ ምንጭ ላይ እደግመዋለሁ።

ጣሪያ የሚወጣው ዕቃ ተለይቷል፦ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ወንበሮች፣ የአሸዋ ሰሌዳ፣ ጆንያ ከሰል። ውሃና ናፍጣ ካሶኒ ውስጥ፣ ወደ ጋቢናው ተጠግተው። ባለ 20 ሊትር የናፍጣ ጄሪካን ከነቆርቆሮው 20 ኪሎ ያልፋል፤ ቦታ አለ ተብሎ አራቱን ጣሪያ ላይ የሚደረድር ሰው አይቻለሁ፣ ተራራ ሲጠመዘዝ አብሬው አልሆንም። ሁለተኛው ስኮርታ ለጊዜው ታች ይቆያል።

የቀረው ፖርቶመጋላው ፊት ላይ የሚገጠመው መብራት ነው። 120 ዋት ስለሆነ በ12 ቮልት 10 አምፔር ይወስዳል። ሽቦውን በሪሌ (ትልቁን ኮረንቲ በትንሽ ማብሪያ በሚያዝ ዕቃ) አድርጌ፣ ባለ 15 አምፔር ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ገመዱ በፊት መስታወቱ ምሰሶ በኩል፣ በቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ሐሙስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋ ቀጠሮ አለኝ።